ሳይጻፍ የቀረው ነፋስ

የሥራ ባልደረቦቹ አጎቴን «ነፋሱ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነፋስ ሲለካ ኖሯል። በየግማሽ ሰዓቱ የነፋሱን አቅጣጫና ጉልበት፣ የደመናውን ከፍታ አንብቦ ቅጽ ላይ ይጽፍና ወደ መቆጣጠሪያ ማማው ይልካል። መሬት ላይ ሆኖ ከሰማይ ጋር በቁጥር የሚነጋገር ሰው በቤታችን መኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ማማው ላይ አውሮፕላኖቹን የሚያሳርፈው የአጎቴ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። የማማው የነፋስ መለኪያ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ስለዚህ የሚያየው በአጎቴ ዓይን ነበር።

ነፋሱ በግማሽ ሰዓቱ መካከል ድንገት ከዞረ «ልዩ» የሚባል ቅጽ አለ። ልዩ ከተጻፈ የማረፊያው አቅጣጫ መቀየር አለበት፤ ሊያርፉ የተቃረቡት ሁሉ ከተማዋን ዞረው በሌላኛው ጫፍ ይመጣሉ። ሰዓት ይባክናል፣ አለቃ ይቆጣል። እናም ሁለቱ፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ አንድ የይሉኝታ ልማድ አመጡ። አጎቴ ከመጻፉ በፊት ይደውልና «ልጻፈው?» ብሎ ይጠይቃል።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ የመለኪያው ቀስትም ተገለበጠ፤ ከምዕራብ ይነፍስ የነበረው ከምሥራቅ መንፈስ ጀመረ። በምሥራቅ ጫፍ የሚገባ አውሮፕላን አሁን ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል ማለት ነው። አጎቴ ስልኩን አነሳ።

«ዞረብህ። ልጻፈው?»

«ውይ ጋሼ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ! አንዱ ሊያርፍብኝ ነው፣ ሁለት ከኋላው አሉ። የሚያልፍ ደመና ነው።»

«ከጀርባው ነው እኮ፣ ጠንካራ ነው።»

«እስከ ተኩሉ ንባብ ጠብቅልኝ በሞቴ። ነፋሱ አንተን እንጂ እኔን መቼ ይሰማል!»

አጎቴ ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ። እስክሪብቶውን ክዳኑን ሳይዘጋ ቅጹ ላይ አስተኛው።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ብቅ አለ፤ አልወርድ ብሎ ተንሳፈፈ፣ ተንሳፈፈ፤ ከማኮብኮቢያው ግማሽ ካለፈ በኋላ ነው ጎማው አስፋልቱን የነካው። ውሃው እንደ ግድግዳ ተነሣ። ከዚያ መጨረሻውን አልፎ፣ አጥሩን ጥሶ፣ ከማዶው ባለ ቦይ ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ። አጎቴ ድምፁን አልሰማሁም ይላል። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ብቻ አየ።

አምስት ሰዎች ሞቱ። አምስት! አንድ መስመር ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ስንት ነው?

የሚስቱ ወንድም ከማማው ደረጃውን በሩጫ ወርዶ መጣ፤ ሸሚዙ ከገላው ጋር ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ጽፈኸው ነበር?»

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያው አትጻፈው። የዘጠኝ ሰዓቱ ንባብ ከምዕራብ ነው፣ እኔም በዚያ ነው ያሳረፍኩት። ድንገት ነው የሆነው። እህቴን አስብ።»

አጎቴ ቅጹን አየ። ባዶ ነው፤ እሱ ካልነካው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ሥራቸው ላይ ይቆያሉ፤ አብራሪው ደግሞ ሞቷል፣ አይናገርም።

እስክሪብቶውን አንስቶ፣ ወጣቱ እያየው ጻፈ፦ «9፡20። ነፋሱ ዞሮ ከምሥራቅ ሆነ፣ ጠንካራ። አይቻለሁ። መጻፍ ሲገባኝ ልጻፈው ወይ ብዬ ደወልኩ። እስከ ተኩሉ ጠብቅ ተባልኩ፤ ጠበቅሁ።» በሥሩም ቅጹ የተጻፈው ከአደጋው በኋላ መሆኑን አስፍሮ ፈረመ።

ሚስቱ ያን ማታ በሩ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችው። ነገሩን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት።

«ወንድሜን ጻፍከው?»

«እኔንም ጻፍኩ።»

እርጥብ ኮቱን ከትከሻው ላይ ገፈፈችና፣ ፊቱን ሳታይ፣ «ግባ» አለችው። ከዚያ ወዲያ እስከ ክረምቱ መጨረሻ አላናገረችውም።