የዓለም ባለቤት

ዓለም አትላስ አካባቢ ባላት ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። እጇ የማያስተካክለው ቀሚስ፣ አፏ መልስ የሚያጣለት ደንበኛ የለም። የግብር መሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ግን አንድ ጥያቄ አፏን አስያዛት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ዋቅጅራ ከአየር ማረፊያው የጭነት ክፍል ጡረታ ሊወጣ ነው። ለሚ ኩራ ያለው ቤታቸው ካርታው በእሱ ስም ብቻ ነው። «አንድ ነገር ብሆን ከዘመድ ጋር ስትካሰሺ እንዳትኖሪ» ብሎ በስሟ ሊያዞርላት ቆረጠ። ቅጹን ራሱ ሞላ፤ «ከተቀባይዋ ጋር ያለዎት ዝምድና» በሚለው ላይ ኮራ ብሎ «ባለቤት» ሲል ጻፈ።

ወጣቷ ሠራተኛ ሄርሞን ራሷን ነቀነቀች። «አባባ፣ ባለቤትነቱማ ካርታው ላይ አለ። የተጠየቁት ለእሳቸው ምናቸው እንደሆኑ ነው።»

«ባለቤት ነኛ!»

«የቤቱ?»

«የሷ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ሄርሞንም እየሳቀች ወደ ዓለም ዞረች። «እርስዎስ፣ ሚስታቸው መሆንዎን የሚያስረዳ ምን አለዎት?»

ዓለም ያላት ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን የሰጠቻቸው፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው ወረቀት ብቻ ነው። ወረዳ ሄዶ ማስመዝገብ ማን ትዝ ብሎት!

«ፍርድ ቤት በምስክር ካላረጋገጣችሁ፣ ለባዕድ እንደተሸጠ ቆጥሬ ነው ግብሩን የምሠራው» አለች ሄርሞን፣ ቅር እያላት።

ዓለምን ያንገበገባት ግብሩ አይደለም፤ ባዕድ መባሏ ነው። ያን ቀን አንዲት ቀሚስ እንኳ በቅጡ ሳትሰፋ ዋለች።

ፍርድ ቤት ጎረቤታቸው የሺአረግ ቀድማ ቀረበች። ዳኛዋ ባልና ሚስት መሆናቸውን በምን እንዳወቀች ጠየቋት።

«ክብርት ዳኛ፣ በቴሌቪዥን የተነሳ በየሳምንቱ ይጣላሉ፣ እሱም ያኮርፋል። እሷ ካሳላት ግን እኔ ቤት ዝንጅብል ሊለምን የሚመጣው ያው ያኮረፈው ሰውዬ ነው። ይሄ ባል ካልሆነ ምንድን ነው?»

ዳኛዋ ፈገግታቸውን በመዝገቡ ከለሉ። የቀሩት ምስክሮችም ያንኑ አጸኑ፤ ጋብቻው ጸደቀ።

ሄርሞን ውሳኔውን አይታ ቅጹ ላይ «ባለቤት» የሚለውን ሰረዘችና «የትዳር ጓደኛ» ብላ ጻፈች። የቀረው የወረቀት ሥራ ሲያልቅ አዲሱ ካርታ ወጣ። ዓለም ስሟን ሦስቴ አነበበች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«እንግዲህ እኔ ቤት የሌለኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ» አለ ዋቅጅራ።

ዓለም ክንዱን ያዘችው። «ቤት ባይኖርህም ባለቤት አለህ።»