ባቡሩ እስኪያልፍ

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ልጅ አዋቂው «እትዬ ቆይ» ነበር የሚላት። የባቡር ሐዲዱ የመኪናውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ፣ አንዲት ወንበርና አንዲት ጠረጴዛ በጭንቅ በምትይዝ የእንጨት ቤት ተቀምጣ፣ ባቡር ሲመጣ የመንገዱን ማገጃ ታወርዳለች፣ ሲያልፍ ታነሣለች። ማገጃው ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም አግዳሚ ሲሆን የሚወርደውም የሚነሣውም በአንድ የብረት እጀታ ነው። የእጀታው ጫፍ ከእጅ ብዛት የተነሣ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። አግዳሚው ከወረደ በኋላ የደረሰ ሁሉ፣ ባለ መኪናም ሆነ ባለ ጋሪ፣ ሊለምናት ይሞክራል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቆይ።»

ሹፌሮች ይቀልዱባት ነበር። አንዱ የጭነት መኪና ነጂ፣ መልአከ ሞት ቢመጣም ቆይ ሳይሉት አይቀሩም ብሎ ቢተርባት፣ እሱም ቢሆን ባቡሩ እስኪያልፍ ይቆማል አለችው፤ ፊቷ ላይ ሣቅ የሚባል ነገር ሳይታይ።

ይህ ጥብቅነት አብሯት የተወለደ አልነበረም። ከእርሷ በፊት እጀታውን የያዘው ባሏ ነበር። ሆደ ቡቡ ሰው ስለነበረ እንቢ የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ባቡሩ በዘገየበት በአንድ ረፋድ፣ ጡብ የጫነ መኪና ሹፌር «ወንድሜ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ለመነው፤ አነሣለት። መኪናው ሐዲዱ መካከል ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። ባልየው ሮጦ ከኋላ ገፋ። መኪናው አለፈ፤ እርሱ ቀረ። በቀብሩ ላይ ስለ ደግነቱ ብዙ ተባለ። እርሷ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዱንም አልሰማችም። ጆሮዋ ውስጥ የነበረው የራሷ ድምፅ ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮዋ ተንበርክካ፣ «ማታ በደህና መልስልኝ» ብላ ለምና ነበር።

እምነቷን አልተወችም። ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አንድ ሳምንት እንኳ አላጓደለችም። ጠዋት ስትነሣ ታመሰግናለች፣ ማታ ስትተኛ ታመሰግናለች። መሥሪያ ቤቱ የባሏን ሥራ ሲሰጣት አመሰገነች፤ አንድያ ልጇን ስትድር አመሰገነች፤ የልጅቷ የመጀመሪያ ፅንስ በአራተኛ ወሩ ሲጨናገፍም፣ እናቲቱን አተረፍክልኝ ብላ ጥርሷን ነክሳ አመሰገነች። መለመን ግን ተወች። ለዘጠኝ ዓመት አንድም ነገር አልለመነችም፤ ዝናብ እንዲያባራ እንኳ። ይህንኑ ለሰፈሩ ቄስ በነገረቻቸው ጊዜ፣ ሽማግሌው ጢማቸውን እያሻሹ፣ በመኪና ላይ የለመድሽውን ማገጃ በእግዚአብሔርም ላይ አወረድሽበት ወይ አሏት። ያን ጊዜ ሣቀች። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

«አባ፣ ብለምነው ይከለክለኛል» አለቻቸው። «ከከለከለኝ እቀየመዋለሁ። እኔ ደግሞ ከእሱ ጋር መቀያየም አልፈልግም፤ ሌላ ማን አለኝ?»

ቄሱም ነገሩን ለጊዜ ተዉት።

ልጅቷ እንደገና ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን በያዘችበት የዝናብ ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ ኮረብታውን ከነጥጉ ሸፍኖት ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። የጣቢያው ኃላፊ እንደ ልማዱ «ተነሥቷል» ብሎ ዘጋ። እርሷም አግዳሚውን አወረደች፣ ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ ባንዲራዋን ይዛ ደጅ ቆመች። ከዚህ በኋላ ባቡሩ በሰባት ደቂቃ ከኮረብታው ጥግ ብቅ ይላል። ያን ዕለት ግን ሰባቱ አለፈ። አሥርም ሆነ። ባቡር የለም።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የአትክልት ነጋዴው አሮጌ መኪና እየተንገጫገጨ መጥቶ አግዳሚው ሥር ቆመ። ከኋላው፣ በሸራ ሥር፣ ባዶ የቲማቲም ሣጥኖች መካከል ልጇ ተኝታለች። አማቿ፣ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ የሥራ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ራሷን ጭኑ ላይ ይዟል። ሽርጡ በደም ርሷል።

አማቱን በአንቱታ እንጂ አነጋግሮ የማያውቅ ሰው ነበር። ዘሎ ወረደና ምጡ ያለ ቀኑ መምጣቱን፣ ደሙ አልቆም ማለቱን፣ የታችኛውን ድልድይ ጎርፍ ስለወሰደው ወደ ሆስፒታሉ ሌላ መንገድ እንደሌለ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። «ያንሡልን» አላት።

«ባቡር ተነሥቷል።»

«የታለ ታዲያ?»

እርሷም የታለ እንደሆነ አታውቅም ነበር። ወደ ስልኩ ሮጠች። የጣቢያው ኃላፊ፣ ባሏን የቀበረ ሽማግሌ፣ ባቡሩ ከእርሱ ዘንድ መውጣቱን፣ ከእርሷም ካልደረሰ መካከል ላይ መሆኑን፣ ቆሞ ይሁን እየመጣ ግን እንደማያውቅ ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እንዳታነሺ» አለ። ለምን እንደጠየቀችው አልነገረችውም።

ስትወጣ አማቿ እጀታውን ጨብጧል። ገፍታ አራቀችውና ሁለት እጇን እጀታው ላይ አጣመረች። ነጋዴው ፈራ ተባ እያለ፣ ተሸክመን ብናሻግራትስ አለ። እርሷም አስባው ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ ሦስት መሥመር ነው፤ በመሥመሮቹ መካከል የፈሰሰው ጠጠር በዝናብ ይንሸራተታል፤ ማዶም በዚያ ዶፍ አንዲት መኪና አልቆመችም። ከጉሙ ውስጥ ባቡሩ ሲወጣ ለማየት ሃያ እርምጃ ብቻ ነው ያለው። ባሏ ሲገፋ የቆመባት ቦታ ከሐዲዱ ሥር ከተጋደሙት እንጨቶች ካጠረችው ፊት ለፊት ናት፤ በየቀኑ ታያታለች።

«አንዷን ላጣ እችላለሁ» አለች። «ከነፅንሱ አራታችሁን ግን በእጄ አልሰጥም።»

በዚህ ጊዜ የአማቿ አንቱታ ጠፋ። «ባልሽን የበላ ሐዲድ ነው፤ አሁን ልጅሽን ልትሰጪው ነው አንቺ? ድንጋይ!» አላት። ነጋዴው ክንዱን ያዘው። እርሷ እጀታውን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። ልቧ ውስጥ ያለችው እናት ‹አንሺ› ትላታለች፤ ባሏም በዚያ በለስላሳ ድምፁ ‹አንሺላቸው እንጂ› የሚላት መሰላት። አሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥራ ስድስት።

ከሸራው ሥር ልጅቷ ጠራቻት። «እማዬ።»

«አለሁ፣ ልጄ።»

«አላነሣም ካልሽ አታንሺ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ግን ለምኚልኝ። አታመስግኚ፤ ለምኚልኝ።»

ልጅቷ ታውቅ ኖሯል። እስክትዳር ድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጸለይ የሰማች ልጅ፣ በእናቷ ጸሎት ውስጥ የጎደለውን እንዴት ሳታውቅ ትቀራለች?

እትዬ ቆይ ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ቆይታ ቆይታ፣ እጀታውን እንደያዘች፣ ከጎረቤት የተቀያየመ ሰው መጀመሪያ እንደሚናገረው በሻከረ ድምፅ፣ «ጌታዬ» አለች፤ «ያንን ባቡር አሳልፍልኝ። ልጄን አትውሰድብኝ። እለምንሃለሁ።»

ባቡሩ ወዲያው አልመጣም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ምንም አልመጣም። አማቿ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። እርሷ ያንኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር እየደጋገመች ነው። በአራተኛው ደቂቃ፣ ሳያፏጭ፣ መብራቱም ጠፍቶ፣ ጥቁሩ ባቡር ከጉሙ ውስጥ በሙሉ ፍጥነት ወጣ። ነፋሱ የነጋዴውን ባርኔጣ ወሰደው። ሃያ ሁለት ፉርጎ አለፈ። የመጨረሻው እንዳለፈ አነሣችው፤ መኪናውም ጭቃ እየረጨ ተፈተለከ።

አብራ መሄድ አልቻለችም። ተተኪዋ የሚመጣው አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እጀታውን ትታ የምትሄድበት ሕግ የለም። መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፈች፤ ጽሕፈቷ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ነበር። ከዚያም ለመነች። ልመና እንደ እከክ ነው፤ አንዴ ከነኩት አይተውም። ለመኪናው ጎማ ለመነች፣ ለሐኪሙ እጅ ለመነች፣ ለደሙ፣ ለሕፃኑ። በመካከሉ ሁለት ባቡር አሳለፈች።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ለሦስተኛው ባቡር አግዳሚውን እንዳወረደች አማቿ በማዶ በኩል በእግሩ መጣ። ይህ ሰው ከድሮም አግዳሚ አያቆመውም፤ ጎንበስ ብሎ በሥሩ ሾልኮ ማለፍ ልማዱ ነበርና ሁልጊዜ ትቆጣው ነበር። ያን ዕለት ቆመ። እጁን ግራና ቀኝ ጥሎ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ እንደ ተማሪ ቆመ። ፊቱ ከዚያ ርቀት አይነበብም። ጮኻ ልትጠይቀው ትችል ነበር፤ እርሷ ግን ዓይኗን ወደ ሐዲዱ መለሰች። ባቡሩ መጣና በመካከላቸው ገባ። ያን ያህል ረጅም ባቡር አይታ አታውቅም። ፉርጎው አልፎ አልፎ ሲያልቅ ሰውየው እዚያው ነበር። አነሣች። ተሻገረ።

«እሷ ተርፋለች» አለ።

እርሷ የቀረውን ጠበቀች።

«ወንድ ነበር» አለ።

ወንበሯን ሰጠችው። እንደምንም ራሱን ሲገዛ፣ ሕፃኑ ከቤት ሳይወጡ በፊት እንዳለፈ ሐኪሙ መናገሩን ነገራት። ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ይሁን፣ ወይስ አማቿ በመንገድ ላይ ለእርሷ ሲል የፈጠረው ይሁን፣ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልጠየቀችውም።

«መልእክት ልካለች» አለ፣ ሽርጡን በጣቶቹ እየጠቀለለ። «ለእናቴ እንደገና ዝም እንዳትይ በልልኝ ብላለች። ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። እኔም ቀልቤን ስቼ ነው።»

ስልኩ ጮኸ። ተነሥቷል።

እርሷ ወጥታ እጀታውን ያዘች፤ እርሱም ተከትሏት ወጥቶ ከእጇ በላይ እጁን አሳረፈ፤ አብረው አወረዱት። አንዲት ትንሽ መኪና መጥታ ጡሩንባ ነፋች። «ቆይ» አለች ሳትዞር። ከዚያ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ አማቿ እየሰማ፣ መደባበቅም ሳትፈልግ ተናገረች።

«ተቀይሜሃለሁ። ግማሹን ሰጠኸኝ፣ ግማሹን ወሰድክብኝ፤ ተቀይሜሃለሁ፤ ብቀየምህም ግን የትም አልሄድም። ዛሬ ማታ ልጄን እንቅልፍ ስጣት። ለዚህም ልጅ ደረቅ ልብስ የሚሰጠው ሰው አምጣለት።»

የባቡሩ መብራት ከኮረብታው ጥግ እስኪታይ ድረስ ገና ብዙ ደቂቃ ነበራት፤ የምትለምነውም ገና አላለቀም።