ዋጋ የቆረጠ አይመርጥም

ጋይንት ውስጥ ባለችው በአርብ ገበያ ከተማ፣ በገበያ ቀን ወፍጮ ቆሞ ከዋለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው። የዚያን አርብ ግን ከወፍጮው ሁለት ሸሪኮች አንዱ የነበረው ዓለምነህ ከተቀበረ ወራት አልፈዋል። አሁን የሞተው ሽርክናው ነበር። ሽርክና ደግሞ በእንባ አይቀበርም፤ የመዝጊያ ሒሳብ ይፈልጋል።

የዓለምነህ ሚስት ማንአለሽ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ከቆመው ሞተር አጠገብ፣ ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣለች። ከበሩ ውጭ አህዮች ከነጭነታቸው ቆመዋል። ከቆላው ሌሊት ተነሥተው የመጡ ባለ እህሎች «ኧረ ምነው፣ ዛሬ አይፈጭም እንዴ?» እያሉ ቆርቆሮውን ይመታሉ። የሚመልስላቸው የለም። ከውስጥ ያሉት አራት ሰዎች የሚፈጩት ሌላ ነበር።

ማንአለሽ የስማዳ ልጅ ናት። ከወገዳ ማዶ ተወልዳ፣ ለዓለምነህ ተድራ ወደ ጋይንት ስትሻገር አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዓለምነህና ጓደኛው ይታያል ገንዘባቸውን አዋጥተው ወፍጮውን የተከሉ ጊዜ፣ ውሉ ላይ ስሟ ባይገባም ሥራው ላይ ገባች። እህል ትመዝናለች፣ ጆንያ ትይዛለች፣ ወንፊት ታራግፋለች፣ ማታ ማታ ዱቄቱን ጠርጋ ትወጣለች። ሽበቷ የዕድሜ ይሁን የዱቄት የሚያውቅ የለም እያሉ ያሾፉባታል። እሷም «ስትገንዙኝ አጥባችሁ ታዩታላችሁ» ትላቸው ነበር። ወፍጮው ሲጮኽ ድምፁን ሰምታ ድንጋዩ መወቀር እንዳለበት ትናገራለች፤ ገብሱ እርጥብ መሆኑንም ጆንያው ሳይከፈት በእጇ ዳብሳ ታውቃለች።

ይታያል የሞተሩ ሰው ነው። ማንቬላውን አሽከርክሮ ያንን የናፍጣ ሞተር ማስነሣት የሚችል በከተማው ሌላ ሰው የለም። እሱም ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም ሰው እንዲያውቅለት ይወዳል። ዓለምነህ ዝምተኛ፣ ሒሳብ ያዥ ነበር። ከትርፉ ለቀለብ የሚሆን ካወጣ ሌላውን እዚያው ድርጅቱ ውስጥ ይተወዋል። ይታያል ግን ደብረ ታቦር ላይ ባለ ብሎኬት ቤት ሲሠራ ዛሬ ለሲሚንቶ፣ ነገ ለቆርቆሮ እያለ ከድርሻው ሲያወጣ ኖረ። በዚህ አልተጣሉም። ዓለምነህ ጉበቱን ታሞ የወደቀ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪናው ያደረሰው ይታያል ራሱ ነበር።

ሰው ግን ቃሬዛ ሲሸከምና ድርሻ ሲካፈል አንድ ሰው አይደለም። ተዝካሩ እንደ ወጣ ይታያል መጣና፣ ለማኙም ለባለሥልጣኑም በሚናገርበት በዚያ ለስላሳ ድምፁ እንዲህ አላት፦

«ማንአለሽ፣ እኔ የተዋዋልሁት ከዓለምነህ ጋር ነው። እሱ ከሞተ ሽርክናው ፈረሰ። ሕጉም እንዲያ ነው የሚል። ድርሻሽን በብር ትወስጃለሽ።»

ሕጉስ እውነትም እንዲያ ነበር። ማንአለሽ ግን ብሩን ፈራችው። ብር የተቀበሉ መበለቶችን አይታለች። ወንድም ይበደራል፣ ዘመድ ይታመማል፣ ዓመት ሳይሞላ የቀረው ጤፍ መግዣ ይሆናል። ወፍጮ ግን ዕለት ዕለት ያበላል። ልጇ እሌኒ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ገብታለች፤ የቤት ኪራይዋም ምግቧም ከዚህ ወፍጮ አፍ ነው የሚወጣው። ወፍጮው ከሄደ እሌኒም ወደ ቤት ትመለሳለች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ወፍጮው እንደሚሄድም ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ከንፋስ መውጫ አንድ ነጋዴ መጥቶ ሞተሩን ሲዞር፣ ሲያንኳኳ፣ ሲያሸት ቆየ። ማንአለሽ ጥግ ላይ ትጠርግ ነበር። ነጋዴው ዱቄት ለብሳ ሲያያት ተቀጣሪ መሰለችውና ፊቷ ላይ ይታያልን «ከሰባት መቶ ሺህ በላይ አልሰጥህም» ብሎት ሄደ። ይታያል ወደ እሷ ዞሮ አላየም፤ እሷም መጥረጊያዋን አላቆመችም።

እንግዲህ በዚያ አርብ አራት ሆነው ተቀመጡ። ሦስተኛዋ ፍቅርተ ናት፤ ሁለቱም ወገን አዋጥተው ያመጧት የሒሳብ ባለሙያ። ወጣት ናት፣ ላፕቶፗን በሳጥን ላይ አስቀምጣለች፣ ጫማዋ ነጭ ስለነበር ገና ከበሩ ሳታልፍ ተጸጸተች። አራተኛው የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ ይስሐቅ ናቸው፤ ቅስናም ያላቸው፣ ለሽምግልና የተጠሩ። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ይሰማሉ።

ፍቅርተ አንድ በአንድ አነበበች። በመጋዘን የነበረው እህል ተሽጧል። የሽያጩ ብር ወደ ማጣሪያ ሒሳቡ ገብቷል። ይታያል ገና ጧት «ብሩን ለሁለት እንክፈልና ዕዳውን ቀስ ብለን እንከፍላለን» ብሏት ነበር። እሷ ግን «የሰው ሳይወጣ የራስ አይገባም፣ አቶ ይታያል» ብላ የብድር ተቋሙንና ገብስ በዱቤ የሰጡትን ገበሬዎች አስቀድማ አስከፈለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ባንክ ውስጥ የቀረው ሦስት መቶ ሺህ ብር ነው። የቀረው ንብረት ደግሞ ወፍጮው ብቻ።

«ወፍጮው ከነቤቱ፣ እርጅናው ተቀንሶለት፣ መዝገብ ላይ አምስት መቶ ሺህ ይላል» አለች። «መዝገቡ ግን ገበያ አይደለም። ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ከሁለት አንዳችሁ የምትወስዱት ከሆነ ዋጋውን ተስማሙና ንገሩኝ። ዋጋው ሳይቆረጥ ሒሳቡ አይዘጋም።»

ለመስማማት ሞከሩ፤ አልሆነም። እሱ ዝቅ፣ እሷ ከፍ። ድምፅም ከፍ እያለ መጣ። ከውጭ አንዱ ቆርቆሮውን በዱላ መታ።

በመጨረሻ መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። «አባቶቻችን በሬ ሲካፈሉ ምን ያደርጉ ነበር? አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይመርጣል። የቆረጠ አይመርጥም። ወፍጮውንም እንዲሁ አድርጉ። አንዳችሁ ዋጋ ቁረጡ። ሌላው በዚያ ዋጋ ወይ ወፍጮውን ይውሰድ፣ ወይ ወፍጮውን ትቶ ድርሻውን በብር ይያዝ። ቆራጩ ማን ይሁን?»

«እኔ» አለ ይታያል። እንዲያውም ቸኮለ።

ለምን እንደቸኮለ ለማንአለሽ ወዲያው ገባት። በዚህ ባህል ቆራጭ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሥጋውን በዓይኑ ደጋግሞ የሚመዝን ነው፤ ትንሹ የሥጋ መደብ ለራሱ እንዳይቀርበት። ይታያል ግን የሚፈራው ነገር አልነበረም። መራጯ ብር የላትም። ብር የሌለው ሰው ምን ይመርጣል?

«ሦስት መቶ ሺህ» አለ።

ፍቅርተ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ማንአለሽ ሰባት መቶውን በጆሮዋ ሰምታለች። ከዚያ ቃሬዛ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ እንጀራ በኋላ፣ እንዲህ ያደርገኛል ብላ አላሰበችም ነበር። መስደብ አማራት።

«ይታያል፣ የተናገርኸውን ሰምተኸዋል?» አሉ መሪጌታ።

«ሰምቻለሁ፣ የኔታ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉ። ይታያል እጁን ጫነበት። ከዚያም ወደ ማንአለሽ ዞረና ድምፁን አለሰለሰ። «ብሩ ይሻልሻል። ወፍጮ የወንድ ሥራ ነው። ከፈለግሽ ግን ሦስት መቶውን አምጪና ውሰጂው፤ ማን ከለከለሽ?»

ማንአለሽ በልቧ ሸጠች፤ ላሟን፣ የጆሮ ወርቋን፣ የቤቷን ቆርቆሮ። የስማዳ ወንድሟን ለመነች። ሁሉም ተደምሮ ከመቶ አልዘለለም። «ብሩን ልያዝ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ከከንፈሯ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ግን፣ ተስፋ አግኝታ ሳይሆን ሽንፈቷን ጥቂት ለማዘግየት ብላ፣ ወደ ፍቅርተ ዞረች።

«ልጄ፣ እንበልና ወፍጮውን ብመርጥ፣ ብሩን እስከ መቼ ነው የማመጣ?»

«ዛሬ ነዋ» አለ ይታያል። «ሒሳቡ የሚዘጋ ዛሬ አይደለም?»

ፍቅርተ ከሁለቱም ነው የተቀጠረችው፤ ለማንም ማዳላት አትፈልግም። የተጠየቀችው ግን ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ተጠይቃ ዝም ማለትም ማዳላት ነው።

«ለማን ነው የሚያመጡት፣ እትዬ?» አለች።

«ለሽርክናው ነዋ።»

«ሽርክናው እኮ እናንተ ናችሁ።» ላፕቶፑን ወደ መሪጌታ አዞረችው፤ ይበልጥ ግን ለራሷ ነበር የምታነበው። «ወፍጮውን የሚወስድ ሰው ዋጋው ከካፒታሉ፣ ድርጅቱ ውስጥ ካለው ድርሻው፣ ይቀነስበታል እንጂ ብር ቆጥሮ አያመጣም። የአቶ ዓለምነህ ካፒታል አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ነው፤ የአቶ ይታያል ሦስት መቶ ሃምሳ። አምስት መቶ ሺህ የተመዘገበው ወፍጮ በሦስት መቶ ሲሄድ ሁለት መቶ ሺህ ኪሳራ ይመጣል። ትርፍና ኪሳራ እኩል ስለሆነ መቶ መቶ ትሸከማላችሁ። የአቶ ዓለምነህ ሦስት መቶ ሃምሳ ይሆናል፤ የአቶ ይታያል ሁለት መቶ ሃምሳ። እትዬ ማንአለሽ ወፍጮውን ከወሰዱ ከሦስት መቶ ሃምሳው ላይ ሦስት መቶ ይነሣል።»

«ስለዚህስ?» አሉ መሪጌታ።

«ስለዚህ ምንም አያመጡም። እንዲያውም ሃምሳ ሺህ ብር በእጃቸው ይቀበላሉ። በባንክ ካለው ሦስት መቶ ውስጥ የቀረው ሁለት መቶ ሃምሳ የአቶ ይታያል ነው። ሁሉም ሒሳብ ዜሮ ይሆናል።»

ይታያል ተነሣ። የሞተሩን ጩኸት ለዓመታት የለመደ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮው የሰማውን ማመን አቃተው። «ቆይ እንጅ። ሦስት መቶ ሺህ ሳትከፍል?»

«እርስዎም ቢወስዱት እንዲሁ ነበር። ከድርሻዎ ስለሚበልጥ ሃምሳ ሺህ ብቻ ይጨምሩ ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ለሰው የቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀቱ አሁን ታየው፤ ከራሱ ድርሻም መቶ ሺህ ብር በገዛ አፉ አውርዷል። «እንግዲያውስ ዋጋው ተሳስቶ ነው። ሰባት መቶ ይባልልኝ፣ የኔታ። ገዢም አለኝ።»

«ገዢም አለህ?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። መስቀሉን ገና አልመለሱትም ነበር። «ያን ጊዜ ለምን አልነገርኸንም? ይታያል፣ የቆረጠ አይመርጥም። የቆረጠውንም መልሶ አይሰፋም። ማንአለሽ፣ ምረጭ።»

አሁን ሁሉም የሚያያት እሷን ነው። ይታያልን ቀና ብላ አየችው። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ይመታል። የቃሬዛው እንጨት ያረፈው በዚያ ትከሻ ላይ ነበር። አዘነችለት፤ ከልቧ አዘነችለት። ሐዘኗ ግን የእሌኒን ትምህርት የሚያህል አልነበረም።

«ወፍጮውን መርጫለሁ» አለች።

ፍቅርተ መዘገበች። ማተሚያ ስላልነበራት ወረቀቱን በእጇ ገልብጣ አስፈረመቻቸው። ማንአለሽ ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች። ይታያል በአንድ ጭረት ፈርሞ እስክርቢቶውን ሳጥኑ ላይ ወረወረው። መሪጌታ «እግዚአብሔር ያስማማችሁ» ብለው መስቀላቸውን መለሱ፤ አሜን ያሉት ግን ፍቅርተና ማንአለሽ ብቻ ነበሩ።

ማንአለሽ በሩን ከፈተች። ብርሃኑም ሰዉም አብረው ገቡ። «ይፈጫል ወይስ ጭነታችንን እንመልስ?» አለ አንድ ሽማግሌ። ከኋላዋ ይታያል ጋቢውን እየደረበ ሳቀ፤ የመረረ ሳቅ።

«በይ አስነሺዋ» አለ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። «ወፍጮ መረጥሽ አይደል? ያንን ሞተር ማን እንደሚያስነሣልሽ እናያለን። ሳይነሣ ከዋለ እኮ ብረት ነው፤ በኪሎ ነው የሚሸጥ።»

እውነቱን ነው። ይህንን አላሰበችም ነበር። ሰዉ ወደ አህዮቹ መዞር ጀምሯል። ዛሬ ያልፈጨ ወፍጮ የሚቀጥለው አርብ ጭነት አያይም። ማንቬላውን ከግድግዳው ላይ አወረደችው፤ ከበዳት። ለራሷ አልያዘችውም፤ ይዛው ወደ በሩ ሄደችና ዘረጋችለት።

«አንተ ነሃ የምታስነሣው፣ አያ ይታያል። ሌላ ማን ይችላል? እኔም ሌላ ሰው አልፈልግም።» «በነጻ አልልህም። ደመወዝህን አንተው ቁረጥ።»

ይታያል እጁን ወደ ማንቬላው ሰደደ።

«መራጯ ግን እኔ ነኝ» አለችው።

እጁ መንገድ ላይ ቆመ። በዚህኛው ዋጋ ላይ ይታያል ብዙ አሰበ።