ግመሎች የጠጡባት ጀልባ

ሱቁን ለሁለቱ ታላላቅ ልጆቼ አስረክቤ ቤት መዋል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ደም ግፊቴ ከፍ አለና "አባዬ፣ ከእንግዲህ አንተ ዕረፍ፤ እኛ አለን" አሉኝ። እኔም ዐረፍኩ። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ እየተከተልኩ ወንበሬን አዘዋውራለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ሳሙኤል አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ።

"አባዬ፣ ባጃጅ ልገዛ ነው። የያዝኩት ብር ለአዲስ አይበቃም፤ እስኪሞላ ቢያንስ ዓመት መጠበቅ አለብኝ። ያገለገለ ከሆነ ግን ነገውኑ ሥራ እጀምራለሁ። የቱ ይሻለኛል?"

ታላላቆቹ የሚነግሩኝ ከገዙ በኋላ ስለሆነ፣ መጠየቄ ራሱ ደስ አለኝ። ሳላስበው "እኛ ጀልባ ስንገዛ..." ብዬ ጀመርኩ። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። "ጅግጅጋ ላይ? ጀልባ? አባዬ፣ መድኃኒትህን ወስደሃል?" አለኝ። አይፈረድበትም። እዚህ አገር ውሃ በጀሪካን እንጂ በሌላ መልክ ብዙም አይታወቅም። ግን ገዝተናል፤ "ቁጭ በልና ስማ" አልኩት።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅግጅጋ ላይ ሳንቃ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጥ ነበር፤ እኔም አብሬው እሠራለሁ። ግቢያችን ውስጥ ሙሴ የሚባል ወጣት ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ በሱቁ ሥራም ያግዘናል። ቤተሰቡ በሱማሊያው ጦርነት ጊዜ ከወደቡ ከተማ ከበርበራ ሸሽተው ሐርተሼክ መጠለያ ጣቢያ የሰፈሩ ናቸው። አባቱን አደር ዳሂር እንላቸዋለን፤ አደር በሱማልኛ አጎት ማለት ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ነበሩ የምለው ሐርተሼክ ላይ ዓሣ ቀርቶ ኩሬ ስለሌለ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጠጣው በቦቴ የሚመጣ ውሃ ነበር። ቦቴው ከዘገየ ቢጫ ጀሪካኖች ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ይቀራሉ፤ ባለቤቶቻቸው ጥላ ፍለጋ ይበተናሉ። እዚያ ቀይ አቧራ ላይ ተቀምጠው ነበር አደር ዳሂር ስለ ማዕበል የሚያወሩልን።

በዚያ ዓመት ስደተኞቹ ወደ አገራቸው መመለስ ጀመሩ። የአደር ዳሂር ባለቤት የቀረቻቸውን የወርቅ ሐብል ሸጡ። ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። አደር ዳሂር ያቺን ብር ይዘው ወደ ሱቃችን መጡና፣ "ጀልባ ከዚህ ይዤ ልሂድ። በርበራ ውድ ነው አሉኝ። ከወደቡ እህል ጭኖ የመጣ መኪና ሁሉ ባዶውን ይመለሳል፤ በትንሽ ብር ይጭንልኛል" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። "ይህ እጅ ስምንት ዓመት የእርዳታ ካርድ ብቻ ነው የያዘ። ያለ ጀልባ ከሄድኩ እዚያም የምይዘው ካርድ ነው።"

አዲስ እናሠራ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳንቃው ከእኛ ሱቅ ይገዛል፤ ይህን ዛሬ መደበቅ አያስፈልገኝም። ደግሞም ጅግጅጋ መሃል ጀልባ ሲሠራ ማየት አማረኝ። ከደጃፋችን በርና አልጋ የሚሠሩ ጋሽ በቀለ የሚባሉ አናጺ ነበሩ፤ ሐሳቡን ስነግራቸው ዐይናቸው በራ።

"አልጋ የሠራ እጅ ጀልባ ያቅተዋል? ጎድጓዳ አልጋ ማለት አይደለም እንዴ!" አሉ።

አደር ዳሂር አንዱን ሳንቃ አንስተው በጥፍራቸው ጫሩት፤ አሸተቱት። "አንተ ባሕር አይተሃል?" ብለው ጠየቁ። አማርኛቸው የገበያ ስለነበር ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት፤ ጋሽ በቀለ በዚህ ቅር ይላቸው ነበር።

"ሐይቅ አይቻለሁ" አሉ ጋሽ በቀለ ኮራ ብለው።

"የት?"

"ዝዋይ። በአውቶቡስ መስኮት።"

ሁላችንም ሳቅን፤ ጋሽ በቀለም ትንሽ ቆይተው ሳቁ። አደር ዳሂር ግን ሳንቃውን ቦታው መለሱት። "ይህ ባሕር ዛፍ ገና እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ዋጋውም ብሬን ጠርጎ ይወስዳል። መረብ በምን እገዛለሁ?" አሉ። እኔ አኮረፍኩ። በልቤ፣ ሽማግሌው ያረጀ ነገር ስለለመዱ ነው እያልኩ ነበር።

በማግስቱ ሙሴና እኔ እሳቸውን ሐርተሼክ ልናደርስ አብረናቸው ተጓዝን። ወቅቱ ጅላል ነበር፤ ሱማሌዎች ደረቁን ወቅት እንዲህ ነው የሚሉት። መኪናው ውስጥ አቧራው ጥርስ ላይ ይንቋቋል። መንገድ ላይ ሹፌሩ ራዲያተሩን ውሃ ሊሞላ፣ ሐጂ ኑር የሚባሉ የግመል ባለቤት ብርካ አጠገብ ቆመ። ብርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው። አጠገቡ ረጅም የእንጨት ገንዳ እስከ አፉ ሞልቶ ግመሎች ከግራና ከቀኝ ይጠጡበታል። አደር ዳሂር ከመኪናው ወርደው ደርቀው ቆሙ።

"ሙሴ፣ ያ ገንዳ አይደለም" አሉ።

ጀልባ ነበረች! አንድ የእህል መኪና ሹፌር ከባሕሩ ዳር ለማገዶ ብሎ ጭኗት መጥቶ፣ ሐጂ ኑር ለግመል ማጠጫ የገዙዋት ናት። አደር ዳሂር በግመሎቹ እግር መሃል ገብተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። እጃቸውን ከሥሯ አስገብተው አፈሩን ዳበሱና መዳፋቸውን አሳዩን፤ ደረቅ አቧራ ነው።

"ውሃ ካላስወጣች ውሃ አታስገባም። ተገዛች!" አሉ።

ሐጂ ኑር ለካስ ጀልባዋ የጭነት ትመስላቸው ነበር። የአርብቶ አደሩ ሰው ያኔ ዓሣ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። የዓሣ ማጥመጃ መሆኗን ሲሰሙ "አስተግፊሩላህ! ግመሎቼ በዓሣ ዕቃ ሲጠጡ ከረሙ በሉኛ!" ብለው ምራቃቸውን ተፉ። ዋጋው እዚያው ወረደ። ቢሆንም ግመሎቹ ማጠጫ ስለሚፈልጉ፣ ለሁለት የተሰነጠቁ በርሜሎች ከአባቴ ሱቅ አምጥተን ተካንላቸው። ለመረቡም ብር ተረፈ።

ጀልባዋን እስከ ጉዟቸው ልናቆይላቸው ጭነን ግቢያችን አመጣናት። አደር ዳሂር የመመለሻ ወረቀታቸውን ሊጨርሱ ሐርተሼክ ቀሩ። ስለ አያያዟ ምንም አልነገሩንም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም። ሙሴ እንደሆነ ከባሕሩ የተለየው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ እኔን ተዉኝ። እኛ ልናሳምራት ተነሳን። ከውሃው የያዘችውን አረንጓዴ ሻጋታ ፋቅን፣ አጠብን፣ ገልብጠን ፀሐይ ላይ አሰጣናት። ቀለም የሚይዘው ደረቅ እንጨት ነው፤ ይህን የሱቅ ልጅ ነኝና አሳምሬ አውቃለሁ። ውጭዋን ሰማያዊ ቀብተን በነጭ መስመር ከበብናት። የሰፈሩ ሰው እየመጣ አደነቀልን። ጋሽ በቀለ እንኳ "እንዲያው ለአልጋም ታምራለች" አሉ። ዐሥር ቀን ሙሉ ጀርባዋን ለጅላል ፀሐይና ነፋስ ሰጥተን እየዞርን ስናያት ሰነበትን።

ሙሴ የውስጡን ሊቀባ ከሥሯ ገባ። ከዚያው ሆኖ ጠራኝ።

"ግርማ፣ ሰማይ ይታየኛል።"

ገብቼ አየሁ። በየሳንቃው መጋጠሚያ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይገባል። ቢላዋ ሰደድኩበት፤ እስከ እጀታው ገባ። የመመለሻው መኪና ሊመጣ አራት ቀን ነበር የቀረው፤ የእናትየው ሐብል ደግሞ ይኸው ፊታችን ወንፊት ሆኖ ተጋድሟል።

ጋሽ በቀለ "ስቱኮ ድፈኑበትና ቀለም ምቱበት፤ ማን ያያል?" አሉ። እውነቱን ልናገርና እኔ ስቱኮውን ከሱቅ አውጥቼ በጥብጬ ነበር። ሙሴ ጣሳውን ከእጄ ወሰደው።

"የሚሳፈርባት እኮ አባቴ ነው" አለኝ።

ያን ያህል በራሴ አፍሬ አላውቅም። መኪና ፈልገን ጀልባዋን ወደ አባቱ ጫንናት።

ሐርተሼክ ስንደርስ አደር ዳሂር ሰማያዊውን ቀለም አዩ፣ ስንጥቁን አዩ፣ እኛን አዩ። ይቅርታ ልል ስል ዕንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተው ፈገግ አሉ።

"ጠምቷት ነው" አሉ። "የባሕር እንጨት ከውሃ ሲርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ይገጥማል። ምን ያስለቅስሃል? እኔስ ስምንት ዓመት ደርቄ የለም እንዴ? ባሕሩ አይቀበልህም ልትለኝ ነው?"

ታዲያ ውሃ ከየት ይምጣ! በጅላል፣ በሐርተሼክ፣ ለጀልባ! ከቦቴው ሰልፍ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሐሊማ የምትባል ሴት ነበረች፤ ምላሷ መኪና ያቆማል። መጣች፣ ጀልባዋን ዞረች፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ዋርያ፣ ያደረቅካት አንተ ነህ?" አለች። ነኝ አልኩ። "ወላሂ፣ እኛ በውሃ ጥም እየደረቅን አንተ ደግሞ ጀልባ ታደርቃለህ!" ብላ ለሻይ የያዘችውን ጀሪካን አንስታ አቀበለችኝ። ያ የመጀመሪያው ጀሪካን ነው። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ከየቤታቸው አመጡ፤ አንዷ ግማሽ፣ አንዷ በጣሳ። ሐሊማ ግን ሕግ አወጣች። ጀልባዋ በድንጋይ ላይ ትቀመጥ፣ ከሥሯ ሳፋ ይደርደር፣ "አንዲት ጠብታ መሬት ብትነካ ከግርማ ነው የምቀበለው" አለች። የስንዴ ጆንያዎች ነክረን ውስጧን አለበስናት። ውሃው በላይ ሲገባ በታች ይወርዳል፤ ከሳፋው እየቀዳን እንደገና እናፈስሳለን። የመጀመሪያውን ቀን እንዲያ ዋልን። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ፍየሎቹ ጭንቅላታቸውን ወደ ሳፋው እየሰደዱ አስቸገሩን፤ ሐሊማ በመሃል በመሃል ካንጄሮ የሚሉትን የሱማሌ እንጀራ በሻይ እያቀበለች ትሳደባለች።

በሁለተኛው ቀን ጠብታው ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐሊማ እጇን ከሥሯ አስገብታ አወጣች። መዳፏን አየችው፤ ደረቅ ነው። እልልታዋን አቀለጠችው! አደር ዳሂር የጀልባዋን ጫፍ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። የተረፈው ውሃ ተቀድቶ ለየፍየሉ ሄደ።

ጀልባዋ ከእርጥብ ጆንያዎቿ ጋር ተጫነች። ሐሊማ መንገድ ላይ እንድትረጭ ብላ ቢጫ ጀሪካኗን ሞልታ ሰጠች፤ "ውሃው ስጦታ ነው፤ ጀሪካኑ ግን ይመለሳል!" አለች። እኔ እስከ ድንበሩ ከተማ እስከ ውጫሌ አብሬያቸው ሄድኩ፤ በየመቆሚያው እየወጣሁ ጆንያዎቹን አጠጣሁ። ድንበሩ ላይ ስሰናበታቸው አደር ዳሂር እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ መኪናው ሄደ። ሙሴም ሄደ።

ለወራት ምንም አልሰማንም። ጅላሉ አለፈ፣ ዝናቡ ጣለ፣ ሜዳው ለመለመ። እኔ ግን እንቅልፍ በሚነሳኝ ሰዓት ሁሉ ያ የቢላዋ እጀታ ይታየኛል። አንድ ቀን አንድ የእህል መኪና ሹፌር ሱቁ ገብቶ ቢጫ ጀሪካን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አፉ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ውስጡ የደረቀ የጨው ዓሣ ሞልቷል። ከሙሴ የተላከው ወረቀት አጭር ነበር፦ "አባቴ ጠዋት ወጥቶ ቀትር ሳይሆን ይመለሳል። ከባሕሩ አያወጣትም፤ ለመቀባት እንኳ እምቢ ብሏል።" አባቴ ፊት ሱቁ ውስጥ ዘለልኩ።

ጀሪካኑን ለሐሊማ ወሰድኩላት። "ቆረጡት! ጀሪካኔን ቆረጡት!" ብላ ጮኸች። ዓሣውን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች። ቆይታ በሁለት ጣቷ አንዱን አንስታ ቀመሰች። "ጨው በዝቶበታል" አለች፤ ሁለተኛውን አነሳች።

ለሳሙኤል እስከዚህ ድረስ አወራሁለት። አደር ዳሂር ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው፤ ሙሴ ስልክ ደውሎ ሲያረዳኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ባሕር ይወጡ እንደነበር ነግሮኛል። ይህንንም ለልጁ ነገርኩት።

በማግስቱ ባጃጅ ልናይ አብረን ሄድን። ሻጩ ሁለት አሳየን። አንዷ በሸራ ተሸፍና የተቀመጠች፣ የምታብለጨልጭ ናት፤ "ዓመት ሙሉ አልተነዳችም፤ አዲስ በላት" አለን። ሌላዋ ወንበሯ የተቀደደ፣ ያን ጠዋት ሰው ስታመላልስ የነበረች ናት። ሳሙኤል ዞር ብሎ አየኝ። ልጁ የተቀደደውን ወንበር ዳበሰና ቁልፏን ጠየቀ። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ቤት ስንደርስ ወንበሬ ጥላው ሥር እንደተቀመጠ ነበር። አልተቀመጥኩበትም። ጉልበቴን አሸሁና "ሳሚ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ እኔን ጫነኝ" አልኩት።

"ወዴት ላድርስህ አባዬ?"

"ወደ ሱቁ" አልኩት።