የአባቴ ሁለት ፍትሐት

አባቴ የበርኖስ ነጋዴ ነበር። ነጋዴ ብቻ ብዬ ባልፍ ግን አጥንቱ ይወቅሰኛል። የበጉን ጠጉር ከጮቄ ሥር ካሉ አርቢዎች ይገዛል፣ በሮብ ገበያ ዙሪያ ላሉ ሴቶች እያደለ ያስፈትላል፣ ሁለት ሸማኔ ቀጥሮ ያሠራል፣ ያለቀውን በበቅሎ ጭኖ ደብረ ማርቆስና ደምበጫ ያወጣል። ይህን ሁሉ ያቀናው አንድ ጆንያ ጠጉር በገዛ ጫንቃው ተሸክሞ ጀምሮ ነው። ዘመዶቹ «የገበሬ ልጅ ሆኖ ከሸማኔ ጋር ይውላል» ብለው ሲያሙት፣ ክረምት ሲገባ እናንተው ትመጣላችሁ ይላቸው ነበር። ደግሞም ይመጡ ነበር።

ዝናብ ያስገባ በርኖስ ካለ እለውጣለሁ ብሎ ገበያ መሐል ይምላል። አንድም የተመለሰ አላውቅም። ውሸቴን ነው፤ አንዲት ሴትዮ መልሳለች፣ እሱንም አይጥ በልቶት ነው። ያንንም ለወጠላት። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችው።

ከገበያ ሲመለስ በቅሎዋን ሳያራግፍ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ እኛን ይቆጥራል። አራት ነበርን፣ እኔ ትልቋ ነኝ። እጁን አናታችን ላይ እያሳረፈ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ይላል። አክስቴ፣ የሱ ታላቅ እህት፣ ልጅ አይቆጠርም፣ ቆጥረህ ታስቀጥፋቸዋለህ እያለች ትቆጣዋለች። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ኬላ ከተከለ በኋላም ንግዱን አልተወም። ብርድ ወገን አይለይም፤ በርኖሱን ጫካ ያለው አርበኛም ይለብሰዋል፣ ከተማ ያለው ባንዳም ይለብሰዋል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ኬላው ላይ ያዙት። ጫካ ያሉትን የምታለብስ አንተ ነህ አሉት አሉ። አብረውት የሄዱት ነጋዴዎች በቅሎዋን ብቻ እየሳቡ ተመለሱ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ወሬው ጠፋ። እናቴ ሰው ብትልክ፣ የተላከው ሁሉ ከኬላው አላለፈም። በስድስተኛው ሳምንት ሁለት ጨው ነጋዴዎች አንድ በርኖስ ይዘው መጡ። ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ዳር፣ ሞቶ የሰነበተ ሰው አግኝተው ነበር። ፊቱ አይለይም። አቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ቀብረው፣ የለበሰውን እያሳዩ ሲጠይቁ ወደ እኛ ተመሩ። እናቴ አንገቱን ገልብጣ አየች። ቀይ ክር አለበት። እሷ ያን ክር የምትሰፋው ለገበያው አይደለም፣ ለአባቴ የገዛ በርኖስ ብቻ ነው።

አክስቴ መሬት ላይ ወደቀች። የንስሐ አባታችን በዚያው ቀን በአባቴ ክርስትና ስም ፍትሐት ደገሙ። ለቅሶው በማግስቱ እንዲሆን ተቆረጠ።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። ጠጉሯን አልተላጨችም፣ ፊቷን አልነጨችም። «ፊቱን ያየ ሰው አምጡልኝ» ብቻ አለች። አክስቴ በርኖሱ አይበቃሽም ወይ ብላ ጮኸችባት፣ ጎረቤቱም አንጀቷ ደረቅ ነው ብሎ አማት። እኔም ጠላኋት። ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ያን ቀን ግን እውነት ነው፣ እናቴን ጠላኋት።

በማግስቱ ግቢያችን በሰው ሞላ። በአገራችን ደንብ የሟች በቅሎ ትጫናለች፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፣ በለቀስተኛው መሐል ትዞራለች። አልቃሿ የአባቴን ቸርነት፣ የበርኖሱን ጥቁረት እየጠራች ስታስለቅስ፣ ከኋላ ያለው ሰው ዝም እያለ መጣ። ዝምታው ወደ ፊት ወደ ፊት እየቀረበ ሲመጣ ዞር ብል፣ አባቴ ሰዉን በክንዱ እየገፋ ይመጣል። እጀ ጠባብና ሱሪ ብቻ ነው የለበሰው፣ ጺሙ ደረቱ ደርሷል። ምን ሆናችሁ፣ ማን ሞተ እያለ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ሁሉ ያማትባል።

እሱ ለካ ከጉብታው ላይ ሆኖ ግቢያችን በለቀስተኛ መሞላቱን አይቶ፣ ከልጆቼ አንዱ ሞቷል ብሎ እየሮጠ ነው የመጣው። በቅሎዋንም፣ በርኖሱንም አላያቸውም። እኛ ፊት ሲደርስ አናታችንን ነካ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» ከዚያ ቀና ብሎ ዙሪያውን ፈለገ፣ እናቴን አያት። «አምስት» አለና መሬት ላይ ዘፍ አለ። አምስት ብሎ ቆጥሮ አያውቅም ነበር። አክስቴ አጠገቡ ቆማለች፣ ያን ቀን አትቁጠር አላለችውም።

እናቴ ቀረብ ብላ «እርስዎን ነው የምናለቅሰው» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ ሰውም ሳቀ፣ እልል ተባለ። ደስታው ልቤን ሊያፈርጠው ደረሰ፤ እግሩን አቅፌ አልለቅም አልኩ።

ያዳነውን ነገር ቁጭ ብሎ አወጋን። መርማሪው ያንተ በርኖስ ያለበት ሁሉ ሽፍታ ነው ሲለው፣ ከመርማሪው ጎን የቆመውን የባንዳ አለቃ ጫንቃ አሳየው። አለቃው የለበሰው አባቴ ያሠራውን በርኖስ ነው። በነጋታው ለቀቁት።

ስለ በርኖሱ የጠየቀችው አክስቴ ናት። ያኔ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እስር ቤት አብሮት የነበረ፣ ንዳድ የያዘው የሩቅ አገር ሰው ከሱ በፊት ተለቆ ነበር። እንዳይበርደው በርኖሱን አልብሶት፣ በቤቴ በኩል እለፍ፣ ደህና ነው በላቸው ብሎ ልኮታል። ቀዩን ክር ሲያዩ ያምኑሃል ብሎ ነበር። እኛም ክሩን አይተን አመንን፤ የተላከልንን ወሬ ግን የሚነግረን አልነበረም።

ሰዉ ጠላ ይቀዳልን እያለ ከለቅሶው ሲነሳ አባቴ ቆመ። «ቁጭ በሉ። የኔን መልእክት ይዞ ነው የሞተው። የመጣችሁበት ለቅሶ ለሱ ይሁን» አለ።

የንስሐ አባታችን የሟቹን ክርስትና ስም ጠየቁ፤ ያለሱ ፍትሐት አይደገምም። አባቴ አያውቀውም። ጥቂት አስቦ፣ አባ፣ በእኔ ስም ደግመዋል አይደል፣ እሱን ለሱ ያድርጉለት አላቸው። እሳቸው መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሥርዓት አላየሁም አሉ፤ በመጨረሻ ግን፣ ሰውየውን እግዚአብሔር ያውቀዋል አሉ። አልቃሿ እንደገና ጀመረች። ያን ጊዜ እናቴ አለቀሰች። ሁለት ቀን የያዘችውን እንባ በማታውቀው ሰው ላይ አወረደችው፣ አባቴም አጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ።

ጣሊያን ወጣ፣ አባቴም በርኖሱን እየሸጠ፣ እኛንም እንደ ድሮው እየቆጠረ አረጀ። የሞተው አልጋው ላይ ነው፣ አራታችንም ራስጌው ነበርን። የንስሐ አባታችን በሰው ተደግፈው መጡ፤ አርጅተዋል። እናቴን እያዩ፣ ለሱ እኮ ዱሮ ደግሜለታለሁ አሉ፣ ሊያጽናኗት ይመስለኛል።

«ያ የእንግዳው ነው፣ አባ» አለቻቸው። «የሱን አሁን ይድገሙለት።»