የጎረቤቴ ልጅ ወንበር

ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ሰፈር ውስጥ በር ለበር የምንኖር አንዲት የዌልስ ሴት ጎረቤት አለችኝ። ደግ ናት፤ እኔ ግን ቀናሁባት። ሌላ ስም አላወጣለትም፣ ቅናት ነው።

ልጇ እንደ እኔዋ እዚሁ ለንደን ተወልዳ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ደረጃው ላይ ከእናቷ ጋር በዌልሽ ሲጨቃጨቁ እሰማቸዋለሁ። በእናቷ ቋንቋ የምትጨቃጨቅ ልጅ! የኔዋ በአማርኛ ስጠራት የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ሻይ ጋብዛኝ «አያቴ ሰው ፊት በዌልሽ ማውራት ታፍር ነበር» አለችኝ። «ዋና ከተማችን ካርዲፍ ላይ የራሳችን ፓርላማ ከተቋቋመ ወዲህ ግን ልጆቹ ኮሩበት።»

ከዚያ በስልኳ የዌልሽ ግጥም ውድድር አሳየችኝ። ገጣሚው በብዕር ስም ይልካል። ስሙ ሲጠራ አሸናፊው ከሕዝቡ መሃል ብድግ ይላል፤ ሽልማቱ ወንበር ነው። ልጇ ከልጆች ውድድር ያገኘችው ትንሽ ወንበር እፊቴ ተቀምጧል። እኛ እኮ የራሳችን ፊደል ያለን ሰዎች ነን!

ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ ታስተምራለች። አስተማሪውን ለምኜ ልክ እንደዚያ ዓይነት ውድድር አስደረግሁ፤ ወንበሩንም ራሴ ገዛሁ። ልጄ ስለ አውቶቡስ አራት መስመር ጻፈች። ቤት አይመታም። «ትንሽ ላስተካክለው» ብዬ ጀመርኩና ከሷ ቃል አንድም ሳይተርፍ ስለ ዓባይ ሆኖ አረፈው። የሰው ወርቅ እንደማያደምቅ ጠፍቶኝ አይደለም። ለሽልማቱ ቀን ጎረቤቴን ጠራኋት፤ በተራዋ ትይልኝ ብዬ።

በዕለቱ አስተማሪው የአሸናፊውን የብዕር ስም ጠሩ፤ «የዓባይ ልጅ!»

ማንም አልተነሣም። ደግመው ጠሩ። ልጄን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። ተነሣች፤ ወደ ወንበሩ ግን አልሄደችም።

«ጋሼ፣ ይሄ ግጥም የእኔ አይደለም። እማዬ ናት የጻፈችው። የእኔ ስለ አውቶቡስ ነበር፣ እሷ ጣለችው።»

አንገቴን ደፋሁ። የለመደችውን እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል፣ ሳትንተባተብ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በአማርኛ መናገሯ የገባኝ እዚያው እንዳቀረቀርኩ ነው።

አማርኛ የማታውቀው ጎረቤቴ፣ ልጄ ግጥሟን ያነበበች መስሏት ብቻዋን ታጨበጭብ ነበር።