ኮራሉ ላይ የተነሣው እጅ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይባል የለ? ቴካሬይን እግዜር አላሳጣውም፤ እኔን ሰጠው።

ቴካሬይ በልጅነቱ ከኮኮናት ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እኛ ዓሣ ልናጠምድ ስንወጣ እሱ ደሴታችንን የከበበው የባሕር ዐለት፣ ኮራሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማዕበል ሲያይ አደገ። ደሴታችን ታማና ወደብ የላትም፤ ጀልባ የሚገባው ማዕበሉ በሚሰበርበት በዚያው በኮራሉ በኩል ነው። ታዲያ ይኸው ሃያ ዓመት፣ ከባሕር የሚመለስ ሁሉ የዚያን አንካሳ እጅ ያያል። እጁ ካልተነሣ ማንም አይቀዝፍም። በመሰብሰቢያው ዳስ የመጀመሪያው ዓሣ ለእሱ! ሚስቴ ሮቲያ እንኳ «ቴካሬይ ምን አለ?» ሳትል ልብስ አታሰጣም። የት አባቱ! አንጀቴ ያርራል።

አምና ሮቲያ ከእህቷ ዘንድ ስትመለስ የተሳፈረችበት መርከብ በእሳት መጋየቱን በሬዲዮ ሰማን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘጠኝ ሰው የያዘች ትንሽ የነፍስ አድን ጀልባ ከማዕበሉ ማዶ ታየች። የሮቲያን ቀይ ቀሚስ ከሩቅ አወቅሁት። መንደሩ በሙሉ ወጣ።

ማዕበሉ ጋብ ሲል እጄን አነሣሁ። ቴካሬይ አላነሣም።

«ባውሮ፣ እጅህን አውርድ! ትልልቆቹ ገና ናቸው።»

«አንተ ማን ነህና? ሚስቴ እኮ ናት!»

«ሚስትህማ ናት። ማዕበሉ ግን አያውቅም።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሁለቱንም እጆቼን አወዛወዝኩ። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። ወዲያው ሦስት ማዕበሎች ተከታትለው መጥተው እኔ በምጠራቸው ቦታ ላይ ተፈረካከሱ። ሦስተኛው ሊያልፍ ሲል ቴካሬይ እጁን አነሣ። እነሮቲያም ሳይቀድሙት፣ ሌላም ሳይደርስባቸው፣ ከማዕበሉ ኋላ ኋላ ቀዘፉ። ሮጠን የጀልባዋን ጎን ያዝንና ውሃው መልሶ ሳይስባት ጎትተን አወጣናት። አንድ ሰው አልጎደለም።

ሮቲያን አቅፌ አለቀስኩ። ቅናቴ ግን አላስችል አለኝ።

«እኔን አላየሽኝም?»

«አየሁህ እንጂ» አለች፤ ከንፈሯ በጨው ተሰነጣጥቋል። «መሪውን የያዘውን ‹ያኛውን አትየው፣ ባሌ ነው፤ ናፍቄው ነው የሚጠራኝ› አልኩት።»

ቴካሬይ አጠገባችን ቆሞ ሰማ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።